የሦስተኛው ልጅ ቃል ስንት ይመዝናል?

ልጅ ሳለሁ ከስሜ የሚከብደኝ ነገር አልነበረም። ብርቅነሽ ነው ስሜ። የመጀመሪያዋ «ብ» ከንፈሬ ላይ ተጣብቃ አልላቀቅ ትለኛለች። ሱቅ ስላክ ደግሞ ባለሱቁ መተባተቤን ገና ሲያይ «ሳሙና ነው? ስኳር ነው?» እያለ ያጣድፈኛል፤ እኔም ለክብሪት መጥቼ፣ ጭንቀቴን ለማሳጠር ብዬ ስኳር ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ መጀመሪያ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። በኋላ ግን ምንም ሳትል ስኳሩን ተቀብላኝ ክብሪቱን ራሷ ሄዳ ትገዛለች። ዝምታዋ ከቁጣዋ ይልቅ ያመኝ ነበር።

መርካቶ ደግሞ ለዝምተኛ የሚመች ሰፈር አይደለም። ሁሉም ይጣራል፣ ይከራከራል፣ ይምላል፣ መልሶ ይስቃል፤ አፉ የዘገየ ልጅ ተራው ሳይደርሰው ይመሻል።

ግቢያችን እዚያው መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ከጋሼ ይማም ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ጋሼ ይማም ከወሎ የመጡ፣ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ቀን ሲቀጠቅጡት የዋሉትን ምድጃ ሳይሞክሩት ለገበያ አያወጡም፤ አመሻሽ ላይ ከሰል ጨምረው ያቀጣጥሉና አየር አሳሳቡን፣ ሙቀት አያያዙን ያያሉ። ለሳቸው ሥራ ነው፤ ለእኛ ለግቢው ልጆች ግን በየቀኑ አዲስ እሳት ማለት ነበር። ያኔ ቆርቆሮው መጀመሪያ ሲግል የሚተፋው የዘይትና የቀለም ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ከበርበሬ በረንዳ ንፋስ የሚያመጣው ብናኝ እያስነጠሰን፣ ፍሙ እስኪቀላ ዙሪያውን ተፋፍገን እንቀመጥ ነበር። መብራት የጠፋ ዕለት ፋኖሳቸውን ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ እውነቱን ለመናገር መብራት እንዲጠፋ የምንጸልይ ልጆች ነበርን።

ጋሼ ይማም ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ስለነበር ፊደል ለሳቸው መጫወቻም ነበር። ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጥተውታል፤ ለ አንድ፣ ሉ ሁለት፣ ሊ ሦስት እያለ ሎ ሰባት ይመዝናል፤ ሌሎቹም ፊደላት እንደዚያው። የአንድ ቃል ክብደት የፊደሎቹ ድምር ነው። ጨው ሰባት ይመዝናል፤ ማር አሥር። ወርቅና በርበሬ እኩል አሥራ ሦስት መሆናቸው የታወቀ ዕለት የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ከይሩ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ተረታቸውንም አይጨርሱትም ነበር። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የመለሰ ልጅ በማግስቱ የሳቸው በርጩማ ላይ ይቀመጥና ስሙን ከነአባቱ ስም ተናግሮ ተረቱን ራሱ እንደመሰለው ይጨርሳል። በግቢያችን ከዚያ የሚበልጥ ማዕረግ አልነበረም። ምላሱም ሒሳቡም ፈጣን የሆነው ከይሩ ብዙ ጊዜ ስለተቀመጠበት በርጩማው የራሱ ይመስለው ነበር። እኔ መልሱን የማውቅባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። አውቄ እውጠዋለሁ፤ የመለሰ መናገሩ አይቀርለትማ። በርጩማውን ግን እንዴት እመኘው እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ምሽት፣ መብራት በጠፋበት፣ ጋሼ ይማም ቃል ስለሚመዝን ሚዛን አወሩልን። አንድ ያረጀ ነጋዴ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሱቁን ከሦስቱ ለአንዱ ሊያወርስ ፈለገና እንዲህ ያለውን ሚዛን አስመጥቶ አንድ በአንድ ጠራቸው። የመጀመሪያው ቀረበና «ወርቅ» አለ። ሁለተኛው ቀረበና «በርበሬ» አለ። ሚዛኑ ወዲህም ወዲያም ሳይል ቆመ። ሦስተኛው ቀረበ፤ አባቱን አየ፤ ከትከሻው የወረደውን ጋቢ አነሳና መልሶ አለበሰው፤ ከዚያ ወደ ቦታው ሄደ።

«እንግዲህ ንገሩኝ» አሉ ጋሼ ይማም ፍሙን በጉጠት እየገለበጡ። «የሦስተኛው ልጅ ቃል ስንት ይመዝናል?»

ግቢው በሒሳብ ተናጋ። አንዱ «ጋቢ» ነው ይላል፣ አንዱ «አባባ» ይላል፤ ጣት ይቆጠራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይቆጠራል። ከይሩ «መጀመሪያ ቃሉን ይንገሩና እኔ እደምረዋለሁ!» ብሎ ተቆጣ። ጋሼ ይማም ግን ተረቱን አንዲት ቃል ሳይለውጡ ደገሙልን። እኔ ጆሮዬን ሰጥቼ ቆየሁ። ሦስተኛው ልጅ ቀረበ፣ አየ፣ አለበሰ፣ ሄደ፤ ከአፉ የወጣ ነገር የለም። ሌሎቹ ሲቆጥሩት የነበረው ያልተባለ ቃል ነው። ዝም ያለን ሰው እኔ ካላወቅሁት ማን ያውቀዋል?

«ም…» አልኩ ሳላስበው። «ም…»

«ምስር!» አለ ከይሩ። «ምሳሌ!» አለ ሌላው። «ምላስ!» ተሳሳቁ። ጋሼ ይማም ጉጠታቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሁሉም ጸጥ አለ።

«ትጨርስ። ቃሉ የሷ ነው።»

ያን ያህል ሰው ጠብቆኝ አያውቅም ነበር። ፍሙ ሲንጣጣ እሰማለሁ። «ም… ም… ምንም!» አልኩ። «ምንም አላለም!»

ከይሩ ጣቱን ቆጥሮ ዘለለ። «ምንም ራሱ እኮ አሥራ ስምንት ይመዝናል! ከወርቅም ከበርበሬም ይበልጣል!»

«ልጁ እሱንም አላለማ!» አሉ ጋሼ ይማም፤ ፋኖሱ እስኪወዛወዝ ሳቁ። ከዚያ በጉጠታቸው ወደ በርጩማው ጠቆሙ። «ነገ ያንቺ ነው፣ የኔ ልጅ።»

በማግስቱ እስኪመሽ ድረስ ትኩሳት ቢይዘኝ ብዬ ተመኘሁ። አልያዘኝም። በርጩማው ላይ ስቀመጥ ግቢው ሞልቶ ነበር፤ እናቴም ነጠላዋን ተከናንባ በራፋችን ላይ ቆማለች። ደንቡ ስም ከመናገር ይጀምራል።

«ብ… ብ…»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከይሩ እንዳዘነልኝ ሆኖ «ብርቅነሽ ናት!» ብሎ ሊገላግለኝ ሞከረ።

«ተው!» አሉት ጋሼ ይማም። «ያንተ ስም ስንት ይመዝናል?»

«ዘጠኝ።»

«የሷስ?»

ከይሩ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «ሃያ አምስት» ሲል ድምፁ ዝቅ አለ።

«ወርቁስ?»

«አሥራ ሦስት።»

«በላ! ሃያ አምስት ያነሳ ሰው ዘጠኝ እንደያዘ ሰው ይሮጣል እንዴ? መርካቶ ውስጥ ከባድ የተሸከመ ሰው ሲመጣ ምን ይደረጋል?»

«መንገድ ይለቀቃል!» አልን ሁላችንም፤ የተሸካሚዎቹን ጩኸት ስንሰማ ነዋ ያደግነው።

«እንግዲያው ልቀቁላት።»

ለቀቁልኝ። ስሜን ከነአባቴ ስም አነሳሁት፤ ጊዜ ወሰደ፣ ግን ተነሳ። ከዚያ ሽማግሌው ሱቁን ለሦስተኛው ልጅ ማውረሱን ተናገርኩ። «ለምን?» አሉኝ ጋሼ ይማም። «ሌሎቹ ሚዛኑን ሲያዩ እሱ አባቱን ብ… ብርድ እንደያዘው ስላየ» አልኩ። ቀና ስል እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ አየኋት። ያን ምሽት በራሴ ኮራሁ፤ ኩራት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ እናቴ ለክብሪት ላከችኝ። ባለሱቁ እንደልማዱ «ስኳር ነው?» አለኝ። እጄን ከፍ አድርጌ አስቆምኩትና «ክ… ክ… ክብሪት» አልኩት። ቤት ስገባ እናቴ ክብሪቱን ተቀብላ ሳትጭረው መዳፏ ውስጥ እያገላበጠች ቆየች።

ጋሼ ይማም ካረፉ ቆዩ፤ ግቢውም ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ዛሬ እዚያው መርካቶ፣ ጭድ ተራ የራሴ ሱቅ አለኝ፤ የምድጃ ጭስ በነፋስ ሲመጣ አሁንም ቀና ብዬ አያለሁ። መተባተቤ አልለቀቀኝም፤ እኔም መታገሉን ከተውኩ ቆይቻለሁ። አዲስ ደንበኛ ስሜን ሲጠይቀኝ «ብ» ላይ እቆማለሁ። አንዳንዱ ይቸኩልና «ብዙነሽ? ብርሃኔ?» ይለኛል። እጄን ከፍ አደርግበታለሁ። ሃያ አምስት ነው የማነሳው፤ መንገድ ይልቀቅልኝ።