የተመረገው ግድግዳ

በጽሑፍ እንዲቀር የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ በደርግ ጊዜ ወንድሜ የታሰረበት ክፍል ቅርስ ሆኖ ይጠበቅ ሲባል፣ የገዛ ጎረቤቶቼ ግድግዳውን በጭቃ መረጉት።

ክፍሉ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል። እስረኞቹ በሕይወት እንደማይወጡ ሲገባቸው የክርስትና ስማቸውን አሮጌው ምርጊት ላይ በምስማር ጭረው ነበር፤ ቄስ ፍትሐት ሲያደርስ የሚጠራው በዚያ ስም ነውና። ለወንድሜ ፍትሐት አስደርጌለታለሁ። የሌሎቹ ዘመዶች ግን ገና አልመጡም። ቢመጡ የሚያገኙት ያንን ግድግዳ ብቻ ነው።

ቦታው ለእህል መጋዘን ተፈልጎ ነበር። ስንጨቀጭቅ ከርመን፣ አንዲት የቅርስ ባለሙያ አይታው እንድትወስን ቀን ተቀጠረ። በቀጠሮው ጠዋት ስደርስ የሰፈሬ ሴቶች እጃቸውን ይታጠባሉ። ግድግዳው በእበትና በጭድ ተመርጎ፣ ገና እርጥብ ነው።

ያስተባበረቻቸው የልጄ ክርስትና እናት ናት። እንግዳ ሲጠበቅ ግድግዳ አለመመረግ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ክፋት አላሰበችም። ቢሆንም ደሜ ፈላ።

«እንዲያ ተቦዳድሶ ቢያዩት ምን ይሉናል?» አለችኝ።

«ተቦዳድሶ እንዲያዩት አይደል የጠራናቸው? ምነው፣ ልኳል ብላ ዓይኗን ያጠፋችውን ረሳሻት?»

ጭቃውን በጥፍሬ ልልጥ ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ክንዴን ያዘኝ። ጽሑፍ ካልታየ ነገሩ አለቀ፣ መጋዘኑ ይሠራል፣ ልጆችም ሥራ ያገኛሉ፣ አርፈው ይቀመጡ አለኝ።

«እጅህን አንሣ» አልኩት። «ለወንድሜ ስንቅ ሳመላልስ እዚሁ በር ላይ ክንዴን የሚይዘኝ ሌላ ነበር።»

ለቀቀኝ።

ባለሙያዋ በባጃጅ መጣች፤ የልጅ ልጄ እኩያ ብትሆን ነው። ሊቀመንበሩ ቀድሞ የሚታይ ነገር እንደሌለ ነገራት። እኔ ደግሞ የማስታውሳቸውን ስሞች፣ የት የት እንደነበሩ በጣቴ እያሳየሁ ጠራሁላት። አንዳንዱ ጠፋኝ። ሊቀመንበሩ የአሮጊት ወሬ መሆኑን ሊያስረዳት ሲጀምር፣ የልጄ ክርስትና እናት ጭቃ የነካ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ ፊት መጣች።

«እኔም አይቻቸዋለሁ» አለች። «የመረግሁባቸው እኔ ነኝ።»

ባለሙያዋ ግድግዳውን ሳትነካ ተጠግታ ብዙ ቆየች። ትጠብቁታላችሁ ወይስ ታፈርሱታላችሁ ብዬ ጠየቅኋት።

«እማማ፣ እርጥቡን ከነካነው የተጻፈውን ይዞት ይወርዳል። ጥላ ተሠርቶለት ቀስ ብሎ ይድረቅ። ምን ያህሉ እንደተረፈ ግን ልነግርዎ አልችልም። መጋዘን አይሠራበትም።»