የሰብሊ ምስክር

ሃድጉ የካዛንቺስ ልብስ ተኳሽ ነው። በደርግ ውድቀት ማግስት ከዓዲግራት መጥቶ አንድ ላውንደሪ ቤት ካውያ ጨበጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም። የሰፈሩ ሰው "ሃድጉ የተኮሰው ሱሪ ለብቻው ይቆማል" ይለዋል። ከመምህር ታዲዎስም ጋር የተዋወቀው በሸሚዝ ነው። ታዲዎስ መጀመሪያ አንድ ሸሚዝ አመጣ፣ በማግስቱ ሌላ፣ ኋላማ ንጹሑንም እየጨመደደ ያመጣ ጀመር። ገባችሁ? ሃድጉም ገባው።

አብረው መኖር ጀመሩ። ለጎረቤት "የአክስት ልጆች ነን" አሉ፤ ጎረቤትም በቃ ተቀበለ። ሁለቱ ለፍተው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዙ፤ ካርታው ግን በታዲዎስ ስም ብቻ ወጣ። እንዲህ ይሁን ያለው ራሱ ሃድጉ ነው፣ ሁለት ወንድ በአንድ ካርታ ሰው ምን ይላል ብሎ። ሰው ምን ይላል! ይህቺ ቃል ስንቱን ደጅ አሳድራለች።

አጥር የምትጋራቸው ሰብሊ ናት። ሳትጋባ አብራው የኖረችው ሹፌር ሞተባትና ወንድሞቹ ከቤት ሊያስወጧት ተነሡ። ሕጉ ግን ለእሷ ነበር፤ ወንድና ሴት ባይጋቡም እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት ከኖሩ አብረው ያፈሩት የጋራ ነው ይላል። የጎደላት ምስክር ብቻ ነበር። ሌላው ጎረቤት ጠቡን ፈርቶ ሲሸሽ፣ ሃድጉ ሸሚዙን ተኩሶ ፍርድ ቤት ቆመ። በአንድ ትሪ ሲበሉ አይቻለሁ፣ ሲታመም ስታስታምመው አይቻለሁ አለ። ሰብሊ ቤቷ ተረፈላት። እግሩ ላይ ወድቃ፣ ውለታህን ልጄን ብድርልህም አልከፍለውም አለችው።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ታዲዎስ በጉበት ሞተ። ሃድጉ ሲያጥበውና ሲያገላብጠው ነበር የከረመው። እድሩ ድንኳን ሲጥል ሃድጉን ከሀዘንተኛው ቦታ፣ ፍራሹ ላይ አስቀመጡት። የታዲዎስ እህት ጀማነሽ ከደብረ ብርሃን የደረሰችው ያኔ ነው። አልቅሳ ስትጨርስ ለቀስተኛው የአክስቷ ልጅ እንዴት እንዳስታመመው ያወራላት ጀመር። ቀና ብላ ሃድጉን አየችው።

"እናቴም አባቴም እህት የላቸውም" አለች።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደቻሳ መጥተው የሃድጉን ክንድ ያዙና ከፍራሹ አስነሡት። አንድም ሰው ተው አላላቸውም።

በሰልስቱ ማግስት ጀማነሽ የሃድጉን ልብስ ደጅ ላይ ጣለችው። ሃድጉ ግማሹ የእኔ ላብ ነው፣ አልወጣም አለ። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ እንደሚመክር ሰው ረጋ ብላ ተናገረች።

"ክሰሰኛ፣ ወንድሜ። ዳኛው 'ለሟች ምኑ ነህ?' ሲልህ ምን ትለዋለህ? ደባሉ ነኝ ካልክ ደባል አይወርስም። ሌላውን ካልክ ደግሞ ወንጀል ነው፣ ከዚያው በካቴና ትወጣለህ።"

ሃድጉ አጥሩን ዞሮ ሰብሊ ዘንድ ሄደ። ሌላውን ተዪው፣ ቤቱን ሁለታችን ስንገዛና ስናድስ ያየሽውን ብቻ ተናገሪልኝ አላት። ሰብሊ እንባዋ ይወርዳል፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ እንደያዘች ነው።

"ሃድጉዬ፣ አንዴ ከቆምኩ ሁሉንም ይጠይቁኛል። ያየሁት እኮ ያሳስርሃል። እኔንም ደብቀሻል ይሉኛል። በቃ፣ ምንም አላየሁም።"

ለሰው ሞት አነሰው ብዬ ልሰድባት ነበር፤ ግን ምን ላድርግ፣ እውነቷን ነው። ለእሷ ቤት ያተረፈላት ምስክርነት፣ ቃሉ ሳይለወጥ ሃድጉን ወህኒ ያወርደዋል። እሱም ገብቶት አጥሩን ዞሮ ተመለሰ።

አሁን ላውንደሪው ውስጥ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ያድራል። ሰብሊ ልብሷን ሌላ ሰፈር፣ ላንቻ ድረስ ወስዳ ታስተኩሳለች።