እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ትዕግሥት የለኝም። ነርስ ሆኜ ስንት ዓመት ሠርቼ ዛሬም በደም ሥር የሚሰጥ ጠብታ ቆሞ ካየሁ ደሜ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ስሠራ፣ በአንድ የፍልሰታ ሳምንት ግን የፈላው ደሜ ሰው አቃጠለ።

በሽተኛው ከዲማ በኩል የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ። አንጀታቸው ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት በአፋቸው ምንም እንዳይገባ ተከልክሏል። ስኳር የበዛበት ምግብ ቀንና ሌሊት በደም ሥራቸው ይንጠባጠብላቸዋል። ሚስታቸው ከአልጋው አጠገብ አይለዩም። የመጀመሪያው ቀን ይኼ መድኃኒት ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ላጽናናቸው ብዬ ምግብ ነው፣ እንደ በሉ ይቁጠሩት አልኳቸው። በአነጋገሬም ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የጠብታው ከረጢት መጉደል የነበረበትን ያህል ሳይጎድል አገኘሁት። መርፌው ነው ብዬ መርፌውን ቀየርኩ፤ ባልደረባዬንም ሳትከታተዪ ቀርተሽ ነው ብዬ ተጣላኋት። ሚስትየው ከአልጋው አጠገብ ሆነው ሁሉንም ያዩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ከክፍሉ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስገባ መምህሩ ይንዘፈዘፋሉ፣ ጥርሳቸው ገጥሟል። ሚስታቸው በአንድ እጃቸው የተጫረ ክብሪት ሊያሸቷቸው አፍንጫቸው ሥር ይዘዋል፤ በሌላው የባላቸውን ጥርስ በማንኪያ ለመፈልቀቅ ይታገላሉ። ክብሪቱን ነጥቄ አጠፋሁ፣ ማንኪያውን ወረወርኩ። በጎናቸው አስተኝቼ ራሳቸውን በትራስ ደገፍኩ፤ በአፋቸው ምንም አላስገባሁም። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ ስኳራቸው እጅግ ወርዷል። ሐኪሙ እንደደረሰ በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጠናቸው፤ መንዘፍዘፉ ቆመ።

ያኔ ነው የጠብታው መቆጣጠሪያ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን ያየሁት። ማን ዘጋው አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። እሳቸው አዘውኝ ነው። ምግብ ነው ብለሽናላ፤ በጾም ከዘጠኝ በፊት እንዴት ይገባል?» አሉ ሚስትየው።

እንዲህ ያለ ምግብ በድንገት ሲቋረጥ ስኳር እንደሚወርድ አውቃለሁ። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሆኖም የክፍሉ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ባልዎን ሊገድሏቸው ነበር እኮ!» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

የንስሐ አባታቸው መጥተው የታመመ ሰው ጾም የለበትም አሉ፤ መምህሩም እሺ አሉ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ መንዘፍዘፉ ሊደገም ይችላል እንዳለው፣ ጠብታው ሳይዘጋም ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተደገመ። ስደርስ መምህሩ በጀርባቸው እንደተኙ ምራቃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ታቁሮ ያንቃቸዋል። ሚስታቸው አንድ እርምጃ ርቀው፣ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ቀብረው ቆመዋል። ፈጥኜ ወደ ጎን አዞርኳቸው፤ ምራቁ ወረደ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ለምን አላዞሯቸውም አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልማዱ ከፍ ብሎ።

«ነክቼ እንዳልገድላቸው ብዬ ነው» አሉኝ።

 እጆቻቸውን ከብብታቸው አውጥቼ አንዱን በባላቸው ትከሻ፣ አንዱን በዳሌያቸው ላይ አኖርኩ። «እንዲህ ይያዟቸው፣ እናቴ» አልኩ። መምህሩ መንዘፍዘፋቸውን ትተዋል። ከእጄ ሥር ያሉት የሚስትየው እጆች ግን ይንቀጠቀጡ ነበር፤ የፈሩት እኔን ነበር።