መነጽር ያደረገ ጆሮ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮው» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ማዶ ያለው ባለታክሲ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን እኔው ራሴ ስጠራው ያመልጠኛል። ቀን ቀን ከግቢ ግቢ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል። ጉድጓድ ላይ እያጎነበሰ ቁጥር ሲፈልግ ዓይኑ ስለደከመ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ ጠዋት ሲነቃ እኔን ሳይሆን መነጽሩን ነው የሚዳብሰው። ከሥራ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ይሆንላችኋል። እጁን ይታጠብና ከስፌት መኪናዬ ጎን ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ የሰው ሄድፎን ይፈታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊተኛው ክፍላችን ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የሱ ነው። በኔ በኩል ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ በሱ በኩል ካቻቢቴ፣ ፕላስተር፣ ጥጥና ስፖንጅ። ድንበር የሚባል ነገር ግን የለንም። ስንቱ የደንበኛዬ ገበር ተቀንጥሶ የሰው ጆሮ ላይ እንደቀረ እኔና እሱ ነን የምናውቀው።

«ሄድፎን ያው ሄድፎን አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። እሱ ግን ክዳኑን ይከፍትና ከትንሿ ስፒከር ጀርባ ጥጥ ይጨምራል፣ ወይ ይቀንሳል። አየር የምታስወጣዋን ቀዳዳ በፕላስተር ይደፍናታል፣ ወይ በመርፌ ያሰፋታል። ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ትራስ ደግሞ እኔ አዲስ እሰፋለታለሁ። እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫ የነበረው ዕቃ በስተመጨረሻ የሰው ድምፅ ያወጣል። አዲስ የወጣ ሄድፎን ሲያገኝም ያዳምጥና «ይኼ ደህና ነው፣ ይኼኛው ግን ኪሳችሁን አይንካ» እያለ በስልኩ ቀርፆ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። ሲቀርፅ ታዲያ መኪናዬን ያስቆመኛል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ እግሬን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ውጬ ቁጭ እላለሁ። እንዲህ ያለ ትዳር አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ።

የሚከታተለው ሰው እየበዛ ሲመጣ ልቡ ወደ ከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ሸፈተ። ጣቢያው በየክፍሉ ያረጁ ሄድፎኖች አሉት፤ እነሱን እንዲያድስ ቢሰጡት ቆጣሪውን ትቶ ይኼንኑ ሥራዬ ብሎ ሊይዝ ነው። ሲለምን ሲለምን የስቱዲዮዋ ኃላፊ በመጨረሻ እሺ አለችው። «አንድ ሠርተው ያምጡልኝ፤ ከወደድኩት ሁሉንም ለእርስዎ እሰጣለሁ» አለች። የኔም ሰውዬ ማለ። «እሷ ካልወደደችው ካቻቢቴዬን ሰብስቤ አልጋ ሥር ነው የምከተው» አለኝ። እኔ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ካለ አለ ነው።

ያቺን አንዷን ሄድፎን እንደ አራስ ልጅ ነው የተንከባከባት። ሲጨርስ ጆሮዬ ላይ አድርጎ «እንዴት ነው?» አለኝ።

«ዱም ዱም ይላል» አልኩት።

«ጆሮሽ ስላልለመደ ነው።»

እንግዲህ ባለሙያው እሱ ነው፤ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እሱም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ከሰዓት ሲመለስ ግን ገና በሩን ሳያልፍ ነገሩ እንደተበላሸ ፊቱ ነገረኝ። ኃላፊዋ አዳምጣ፣ አውልቃ፣ እንደገና አዳምጣ «ይቅርታ፣ ለኛ አይሆንም። ሰው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ነው የሚመስለው» ብላዋለች።

ቅስሙ ተሰበረ። ቢጮህ፣ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ሴትዮዋን ለመስደብ አፌን ስከፍት «ተይ፣ እሷ ሥራዋን ታውቃለች» ብሎ አፌን አስያዘኝ። መነጽሩን የጨርቅ ክምሬ ላይ ጣለ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አልጋው ላይ ተጋደመ። ትንሽ ቆይቶ ግን አላስችል አለው። እሷ የሰማችውን ነገር እኔም ልስማው ብሎ፣ እንደተጋደመ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አደረገ።

ከዚያ ክው አለ። ተነሥቶ ቁጭ አለ። እየዳበሰ መጥቶ ከጨርቄ መሃል መነጽሩን አወጣና አደረገው፤ አዳመጠ። አወለቀው፤ አዳመጠ። ደግሞ አደረገው። በቃ ሰውዬው ለቀቀ ብዬ መቀሴን አስቀመጥኩ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?»

«ዱም ዱም ይላል» አለኝ።

«እኔ ምን አልኩህ ታዲያ?»

የመነጽሩን እግር በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። እግሩ በትራሷ ሥር ሲያልፍ ክፍተት ይፈጥራል፤ ወፍራሙ ድምፅ፣ እነሱ ቤዝ የሚሉት፣ በዚያች ክፍተት ሹልክ ብሎ ይወጣል። እሱ ደግሞ ያለ መነጽር አዳምጦ አያውቅም። ስለዚህ በእጁ የገባው ሄድፎን ሁሉ ቀጭን ሆኖ ይሰማዋል፤ ቀጭን ነው ብሎ ያወፍረዋል። ለሱ ልክ የመጣው ነገር መነጽር ለሌለው ሰው በርሜል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስተካክል የኖረው ሄድፎኑን ሳይሆን የገዛ መነጽሩን ኖሯል።

እኔ ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስልኩን አንሥቶ መቅረጫውን አዘጋጀ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ልነግራቸው ነዋ።»

«አንተ ሰው፣ ማን ጠየቀህ? ሰው ወዶት አድርጎት እየዞረ ነው። ዝም በል እባክህ።»

«ጥሩ ነው ስላልኳቸው ነው የወደዱት» አለኝ። «መኪናሽን አቁሚልኝ።»

አቆምኩለት። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳይነቅል ሁሉንም ዘረገፈው። ቤዝ የለውም ብሎ ስሙን ያጠፋው ሄድፎን ምንም ጥፋት እንደሌለበት ተናገረ፤ ያሞገሰው ደግሞ በርሜል እንደሆነ ተናገረ። እሱ የነካካው ሄድፎን ያለው ሁሉ መልሶ ያምጣልኝ፣ በነጻ አስተካክላለሁ አለ። እኔ እዚያ ጨርቄን ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። ስሙን በገዛ እጁ ሲቀብር ዓይኔ እያየ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁበትም።

የሰደበው ሰደበው፣ የሳቀበት ሳቀበት። ጠረጴዛው በተመላሽ ሄድፎን ተጥለቀለቀ፤ የኔም ግማሽ ክፍል ተወረረ። ባለታክሲው ብቻ «ዱም ዱም ሲል ነው የምወደው፣ አትንካብኝ» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ባሌም የአሠራሩን መላ ቀየረ። አንዱን ሄድፎን አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር ያዳምጣል፤ ከዚያ እኔ አዳምጣለሁ። እኔ የድምፅ ቋንቋ አላውቅም፤ «ይኼ ሻካራ ነው፣ ያኛው ብብቱ ጠቦታል» እለዋለሁ። እሱ ይገባዋል። እኔ ዱም ዱም ይላል ካልኩ እንደ ድሮው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ቀርቷል፤ ካቻቢቴውን ነው የሚያነሳው።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። የስቱዲዮዋ ኃላፊ ናት።

«ስለ መነጽር የተናገሩትን ሰማሁት» አለችው። «እኛ ጋ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ዜና አንባቢያችን። ለመነጽር የሚሆን ሄድፎን መሥራት ይችላሉ?»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። እጅጌ ሲገጠም ብብት ላይ ትርፍ ይተዋል፤ አለዚያ ክንድ አይነሳም። እኔም ያንኑ አሰብኩ። የመነጽሩ እግር በሚያልፍበት በኩል ለስላሳ ስፖንጅ አስገባሁ፣ ቆዳውን ሳልወጥር ላላ አድርጌ ሰፋሁት። አልሆነም፤ ፈታሁት። እንደገና ሰፋሁ፤ ፈታሁት። በመጨረሻ ባሌ መነጽሩን አድርጎ አዳመጠ፣ አውልቆ አዳመጠ፣ ልዩነት አጣበት። ትራሷ በዜና አንባቢው ጆሮ ላይ መለካት ስላለባት እኔም አብሬው ሄድኩ።

ዜና አንባቢው ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ልጅ ሆኜ እሳቸው ሲያነቡ አባታችን ትንፍሽ አያስብለንም ነበር። ኃላፊዋ ቀስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። መነጽር ካደረጉ ወዲህ በሄድፎን የሚሰሙት ድምፃቸው ቀጭን ሆኖባቸዋል። «አርጅቷል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው አመልክተዋል። ያ ሳምንት የመጨረሻቸው ነው። ስንት ሰው ደህና ነው ቢላቸው ለማጽናናት እየመሰላቸው አልሰሙም።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» ብዬ ሄድፎኑን አደረግሁላቸው፤ መነጽራቸው የሚያልፍበትን በጣቴ አስተካከልኩ። ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ተመልሼ ከባሌ ጎን ቆምኩ። እጄን ጨምድዶ ይዞታል።

እሳቸው ወረቀቱን አንሥተው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር አነበቡና ቆሙ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገሙት፤ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እያዳመጡ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይኼ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለቻቸው ኃላፊዋ በማይኩ።

«ጥፋቱ የክፍተት ነው፣ አባቴ» አለ ባሌ። «ድምፅዎ የትም አልሄደም። በመነጽርዎ በኩል ነበር የሚያመልጥዎት።»

ሽማግሌው «እኔማ እርጅና ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር» አሉና ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ሲረጋጉ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ማንም ሳያቋርጣቸው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ጨርሰውም ለኃላፊዋ «ሌላ ሰው መፈለጉን ተይው» አሏት።

እሷም ወደ ባሌ ዞራ «ሄድፎኖቹን ዛሬ ይወስዷቸዋል ወይስ ላስልክልዎ?» አለችው። ቀድሜው «ዛሬ እንወስዳለን» ያልኳት እኔ ነኝ።

ካርቶኑን ሊቀበል ሲገባ እኔ በር ላይ ጠበቅሁት። የጣቢያው ጥበቃ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። «እዚያ ውስጥ ያለው ባለመነጽር ሰውዬ ባሌ ነው» አልኩት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።