የሻለቃና የመቶ አለቃ ዕርቅ

ሁለት ጥንቸሎችን ከአንድ ትሪ አብልቼ አስታርቃለሁ ማለቴ የግራ አውራ ጣቴን ጥፍርና የአንድ ሳምንት እንቅልፌን አስከፍሎኛል። ንግድ ከጀመርኩ ወዲህ እንኳ እንዲህ ያለ ክስረት አላየሁም።

ትናንት መርሳ ገበያ ሽንኩርት ስናስጭን አንዱ ጫኝ የመኪናውን ጣውላ በተረከዙ ድው አደረገው። ስንቱን ደላላ ፊት ለፊት የተሟገትኩ ሰውዬ፣ እጄ በራሱ ጊዜ ሄዶ ከጀርባዬ ተደበቀ። ጥንቸል ሲፈራ በኋላ እግሩ ሣጥኑን እንዲያ ነው የሚመታው።

ልጅ ሳለሁ ነው። ጥንቸሎቹ የጎረቤታችን የጋሽ ይመር ነበሩ። ጋሽ ይመር ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ከሸሚዛቸው የአዮዲን ሽታ፣ ከኪሳቸው የፋሻ ጥቅልል አይጠፋም። ጥቁሩን ሽማግሌ ሻለቃ፣ ግራጫውን ጎረምሳ መቶ አለቃ ብለው፣ በጣውላ በተከፈለ ሣጥን ለየብቻ ያኖሯቸዋል። የሻለቃ ጥርስ ስላረጀ ካሮቱን ፈቅፍቀው በመዳፋቸው ያቀርቡለታል። እኔ ደግሞ ገበያ የተጣለ ጥቅል ጎመን እለቅምላቸዋለሁ።

"የማይበላ፣ የማይታለብ፣ የማይጫን! ምን ሊያደርግልዎት ነው?" ትላቸዋለች እናቴ።

"አይጮኽማ፣ የኔ እመቤት! ሠላሳ ዓመት መርፌ ስወጋ የሰማሁት ጩኸት ይበቃኛል።"

አንድ ጠዋት መነጽር ሊያሠሩ ወልድያ ሲሄዱ፣ "አደራ፣ ጣውላውን እንዳትነካ" አሉኝ። እኔ ግን በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ሽማግሌዎች በመስኖ ውኃ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ከአንድ ትሪ አብልተው ሲያስታርቁ አይቻለሁ። ሰው ከታረቀ ጥንቸል ምን ይከብደዋል? ጣውላውን አነሳሁ፤ ጎመኑን በትሪ መሀል አስቀመጥኩ፤ "በሉ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ" አልኩ።

መቶ አለቃ ጎመኑን ዞር ብሎም አላየው። ሻለቃ ላይ ወጣበት። ፀጉሩ እንደ ተነደፈ ጥጥ በነነ። የማይጮኸው እንስሳ ሲጮኽ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ድምፁ ልክ እንደ ሕፃን። እጄን ስሰድ ማንኛቸው እንደነከሰኝ ዛሬም አላውቅም። ለያይቼ ጣውላውን መለስኩ፤ ደሙን ጠረግኩ። ጣቴን በጨርቅ አስሬ እናቴን በር ቆነጠጠኝ አልኳት።

በማግስቱ እውነቱን የነገርኩት አንድ የክፍሌ ልጅ፣ "የነከሰህ እንስሳ ካበደ አንተም ታብዳለህ። መድኃኒቱ እምብርት ላይ የሚወጋ ሃያ አንድ መርፌ ነው። ውኃ አይተህ ከፈራህ ግን አለቀልህ!" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቧንቧ ሥር ቆሜ ውኃው ላይ አፈጣለሁ። እፈራው ይሆን እያልኩ ስፈራ፣ እውነትም እፈራው ጀመር።

ሻለቃ ካሮቱን ተወ። "እርጅና ነው" አሉ ጋሽ ይመር፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውኃ ሊያጠጡት እየሞከሩ። ሻለቃ ፊቱን አዞረ። ውኃ ፈራ ማለት ነው!

"ጋሽ ይመር፣ አብዷል! እኔም ላብድ ነው!" ብዬ ጨርቁን ፈታሁ፤ ያደረግኩትንም ሁሉ ዘረገፍኩት።

ጣቴን አገላብጠው አዩት። "አንተ ሞኝ! ከሣጥን ወጥቶ የማያውቅ ጥንቸል እብደቱን ከየት ይሸምተዋል?" ብለው ሊስቁ ሲሉ ፊታቸው ተለወጠ። ሻለቃን አንስተው የአንገቱን ሥር ፀጉር ገለጡት። ሎሚ የሚያህል እብጠት፤ ሽታውም መጥቷል።

"መቼ ነው የተጣሉት?"

"የዛሬ ሳምንት።"

"በዚያኑ ለት ብትነግረኝ በሳሙና አጥቤው..." አልጨረሱትም። አልተቆጡኝምም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻለቃን በፎጣ ጠቅልለው ጭኔ ላይ አኖሩልኝና፣ ቁጭ ብለው የኔን ጣት በሳሙና ያጥቡ ጀመር። ፎጣው ውስጥ ልቡ በጭኔ ላይ ትር ትር ይላል። ጣቴ ላይ የቀቡኝ አዮዲን ሳይደርቅ ልቡ ቆመ።

ጋሽ ይመር ካረፉ ቆይቷል። ዛሬ ጫኞቼን ሚስማር ሲወጋቸው፣ ሽቦ ሲቧጭራቸው በዚያው ቅጽበት ወደኔ ይመጣሉ። ማን እንዳጠፋ አልጠይቅም፤ መጀመሪያ አጥባለሁ።

ሻለቃ ሞተ። እኔ አላበድኩም።