ወደ ቀኝ የሄደው ጨረር

የሁለተኛ ዲግሪዬን ጥናት የምሠራበት ላቦራቶሪ ለእድሳት ሲዘጋ፣ ሌዘሬንና ፕሪዝሜን ተሸክሜ ካዛንቺስ እናቴ ቤት ገባሁ። ጽሑፌን ለማስገባት የተሰጠኝ የመጨረሻው ማራዘሚያ ነበር፤ ይህ ካመለጠኝ በቃ፣ ዲግሪው ቀረ ማለት ነው።

ልለካ የፈለግኩት ይህንን ነው። ብርሃን ሲጓዝ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየሾረ ሊሄድ ይችላል። ፕሪዝም ውስጥ ገብቶ አቅጣጫው ሲታጠፍ፣ ሞመንተሙም፣ ማለትም የጉዞው ግፊት፣ አብሮ ስለሚቀየር፣ ሹረቱ ጨረሩን በትንሹ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ግራ ሿሪውን ወደ አንድ ጎን፣ ቀኝ ሿሪውን ወደ ሌላው። የሚንሸራተተው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው።

ጠረጴዛችን ስለሚወዛወዝ ሌዘሩን ከጎረቤት በምንጋራው የጭቃ ግድግዳ ላይ ቸነከርኩት። ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ግድግዳ ነው፤ አመንኩት። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ጎረቤቶቻችን ጎተራ ሰፈር ቤት ተከራይተው ወጥተዋል። ቀን ቀን እየመጡ ቆርቆሯቸውንና እንጨታቸውን ይነቅላሉ።

እኔ መስኮቱን ዘግቼ፣ ጠዋት የብርሃኗን ነጥብ መሃል አስገብቼ ግራ ሿሪውን እለካለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ቀኝ ሿሪውን። ከሰዓት ነጥቧን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ሄዳ አገኛታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ቂሉ እኔ እናቴን አቅፌ ጨፈርኩ።

አማካሪዬ የልኬቴን ግራፍ አይተው ጠየቁኝ።

"ቀኙን አስቀድመህ ለክተህ ታውቃለህ?"

"አይ፣ ማለቴ... ሁሌ ግራው ነው የሚቀድመው።"

"በል ገልብጠህ ለካው።"

በማግስቱ ገለበጥኩት። ነጥቧ ወደ ግራ መሄድ ነበረባት። አሁንም ወደ ቀኝ ሄደች።

ብርሃኑ ምንም አላደረገም። ጎረቤቶቻችን እንጨት በነቀሉ ቁጥር ግድግዳው ወደ እኛ፣ ለጨረሩ ወደ ቀኝ በሆነው በኩል፣ እያዘነበለ፣ ሌዘሩንም ይዞት ይመጣ ነበር። እኔም በየጠዋቱ ነጥቧን መሃል እየመለስኩ መዝመሙን ከራሴ ስደብቅ ከረምኩ። እንደ አዲስ ለመለካት ጊዜ አልነበረኝም። ተስፋዬ እዚያው ላይ ተቆረጠ፤ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ።

እናቴ ግድግዳው ሥር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ምነው ልጄ፣ እምቢ አለህ?"

"እማዬ፣ አልጋሽን ከዚህ እናንሳው።"

"ወዴት?" አለችኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ያለችን አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። አልጋዋን ወዴትም ብገፋው፣ ያ ግድግዳ ሲወድቅ የማይደርስበት ቦታ አጣሁ።