ለሌንስ ዋስ የጠየቅንበት የዋጃ መንገድ

ተጓዦቹ ሦስት ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ልጄ ሙሉ ናት፤ ቆቦ ውስጥ ሰርግ ፎቶ እያነሳች ትተዳደራለች። ሦስተኛው ባጃጁን የሚነዳው ሙሄ ነው። ዋጃ ላይ የሚጠብቁን ሌንስ ሻጩ ፋንታውና ጎረቤቱ እትዬ ዘውዴ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ቆቦ

የሙሉ ሌንስ ባለፈው ሰርግ ጭፈራ መሀል ወድቆ ተሰነጠቀ። ነገ ጎብዬ ሰርግ አለባት፤ ቀብድ በልታለች። ቀብድ በልቶ መቅረት ከስርቆት አይተናነስም፤ ስለዚህ ዛሬ ሌንስ መገኘት አለበት። ገንዘቡ ከየሰርጉ ያጠራቀመችው የራሷ ነው። የባጃጁን ኮንትራት እኔ ከፈልኩ።

1 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

በስተቀኝ የዞብል ተራራ፣ በስተግራ የታጨደ የማሽላ ማሳ። አገዳ የተጫኑ ግመሎች አስፋልቱን ይዘውብን ቆምን።

«ጋሼ፣ ይሄ ሌንስ የምትሉት ስንት ያወጣል?» አለ ሙሄ።

«ደህናው የፍየል መንጋ ይገዛል» አለች ሙሉ።

«ወላሂ? ፍየል እኮ ትወልዳለች!»

«ይሄም ሰርግ ይወልዳል። አንተ ብቻ የምታገባህ አግኝ፣ በነፃ አነሳሃለሁ።»

ሙሄ እስከ ዋጃ ድረስ ሳቀ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ዋጃ

ፉል በላንና ፋንታው ዘንድ ገባን። ፎቶ ቤቱን ዘግቶ የስልክ ዕቃ መሸጥ ጀምሯል። ሁለት ያገለገሉ ሌንሶች ጨርቅ ላይ አስቀመጠ፤ ትልቁ ዙም 14 ሺህ፣ ዙም የሌለው ትንሹ 12 ሺህ።

ሙሉ ሁለቱንም ወደ ብርሃን አቅንታ አየች። ትንሹ ጠርዙ ላይ ጭረት አለው፤ ሥዕል አያበላሽም አለች። ትልቁን ካሜራዋ ላይ ገጥማ ተራራውን አቀረበችው፣ መልሳ ሱቁን በሙሉ አስገባችው።

«አባዬ፣ ይሄ ነው።»

እኔ የማውቀው የከብት ገበያ ነው። እዚያ ሻጭ ዋስ ይጠራል፤ የሰው በሬ እንዳይሸጥ። «ዋስህን ጥራ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሌንስ ከማን በረት ይወጣል ብለው ነው?»

«በሬስ ሲነዱት ያገሳል። ይሄ ኪስ ገብቶ ዝም ይላል።»

እየሳቀ እትዬ ዘውዴን ጠራቸው። ከሱቁ አጠገብ ሻይ ይሸጣሉ። እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው ሁለቱንም አዩ።

«በትንሿ ሲሠራ አውቃለሁ፤ የልጄን ክርስትና ያነሳው በሷ ነው። እዋሳለሁ። ያቺን ትልቋን ግን አላውቃትም።»

ፋንታው ሳቁን ተወ። «አንድ መንገደኛ ሽጥልኝ ብሎ የተዋት ናት። ከየት እንዳመጣት አልጠየቅኩትም።»

በጦርነቱ ጊዜ በዚህ አገር ስንት ሱቅ እንደተዘረፈ ሁላችንም እናውቃለን።

«አባዬ፣ በትንሿ ሙሽሮቹን እንጂ ቤተሰቡን አላስገባም» አለች ሙሉ። «ዳሱ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ መሸሻ የለኝም።»

«የሰው ዕቃ ይዘሽ ሰርግ ቤት አትገቢም።»

ትንሹን ገዛች። ስንመለስ ሌንሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች። ሙሄ አንድ ሁለቴ በመስታወት አየንና ቀልዱን ዋጠው።

እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ጎብዬ

ቦርሳ ልይዝላት አብሬ ሄድኩ። የሙሽራዋ ፎቶ የሹሩባዋ ጉንጉን ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። የቤተሰቡ ተራ ሲደርስ ሙሉ ስታፈገፍግ የዳሱ ምሰሶ ጀርባዋን ነካው፤ በግራና በቀኝ የተቀመጡት አጎቶች ግን ፎቶው ውስጥ አልገቡም። ወደ ውጭ ውጡልኝ ብትል አንድ ሽማግሌ «ለካሜራ ብዬ ከመቀመጫዬ አልነሳም» አሉ። ግማሹን ለብቻ፣ ግማሹን ለብቻ አነሳች።

የሙሽራዋ አባት ፎቶውን ካሜራው ላይ አይተው «ልጄ፣ ቤተሰቤን ለሁለት ከፍለሽ ሰጠሽኝ» አሉና ከክፍያዋ አምስት ሺህ ብር ቆረጡ። ሌንሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«የተዋዋልኩት ከሷ ጋር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

11 ሰዓት፣ ወደ ቆቦ

ሚኒባስ እየጠበቅን «የዙሙ እውነተኛ ባለቤት ሰርግ ላይ ቢያገኝሽስ?» አልኳት።

«እሱን እኔም አስቤው ነበር። ምናልባት እኔም እተወው ነበር። ግን ራሴ ሳልወስን አስተውከኝ።»

ውሳኔው የሷ ነበር። ዋስ መጠየቄ ግን ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ሌንሱ 12 ሺህ፣ የቅዳሜው ባጃጅ አንድ ሺህ፣ ፉሉ ሦስት መቶ፣ የተቆረጠው አምስት ሺህ። በድምሩ 18 ሺህ 300 ብር። ከዚህ ውስጥ የኔ 1 ሺህ 300 ነው፤ 17 ሺው የሙሉ ነው።